«መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም»፦ ከጎንደር አንድ የቤት ለቤት ነርሲንግ ጉዳይ

ታካሚዋ የ36 ዓመት ሴት ናት። ከአራዳ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት ክፍልና ከጎኗ የተቀጠለች ማድ ቤት ተከራይታ ከእናቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ባሏ ለሥራ ወደ መተማ ወርዶ ብር ሲያገኝ ይልካል፣ ሲያጣ ይጠፋል። ቤቱን የሚያኖረው እንጀራዋ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ትጋግራለች፤ ረፋዱ ላይ ለሁለት ምግብ ቤቶችና ለደጅ ደንበኞቿ ተሸክማ ታደርሳለች። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትታከመው በኢንሱሊን ነው። ክብደቷ 52 ኪሎ ነው። ጉዳዩን የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ እሷን የሚያስለዩ ጥቃቅን ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ወደ ቤቷ የሄድነው ሁለት ቀጠሮ ስላለፋት ነበር። የቤተሰብ ጤና ቡድኑ ቀጠሮ ያለፋቸውን የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ዝርዝር አውጥቶ ለየሰፈሩ ሲያከፋፍል የእሷ ስም ለእኔና በማኅበረሰብ ጤና ነርሲንግ ልምምድ ላይ ለነበሩ ሦስት ተማሪዎች ደረሰን። የክትትል ካርዷ እንዲህ ይነበባል። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ሳትበላ የተለካ ስኳር 286። ጥር ላይ 312። የምትወስደው ኤንፒኤች የሚባለው፣ ቀስ ብሎ ጉልበቱን የሚያገኝ የኢንሱሊን ዓይነት ጠዋት 20 ማታ 10 ዩኒት የነበረው ጥር ላይ ወደ 28 እና 14 ከፍ ብሏል። ከሥሩ «መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም፤ ምክር ተሰጥቷታል» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

ስንደርስ ከጸበል ከተመለሰች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል፤ ውሃ በላይ በላዩ ትጠጣለች፤ ሌሊቱን ለሽንት ስትመላለስ ማደሯን እናቷ ነገሩን። መለኪያችን 418 አሳየ። በዚህ ሁኔታ የሚቀድመው ማስተማር አይደለም። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ የአተነፋፈስ ለውጥ አለመኖሩን አይተን በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው ይዘናት ሄድን። በሽንቷ ውስጥ ጥቂት ኪቶን (ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስብ እያቃጠለ የሚያወጣው ነገር) ተገኘ፤ ፈሳሽና ኢንሱሊን ተሰጥቷት ማምሻውን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጥያቄው የተጀመረው በማግስቱ ነው።

እናቷ ነገሩን በራሳቸው መንገድ አስረዱን። ልጃቸው በሑዳዴ ሁለተኛ ሳምንት እንጀራ ለማድረስ እንደወጣች ምግብ ቤቱ በር ላይ ላብ በላብ ሆነች፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ለሰው የማይገባ ነገር ተናገረች፣ የምግብ ቤቱን ባለቤት ሰደበች። እሷ ደግሞ ሰው ተሳድባ አታውቅም። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ደገማት። ሰፈሩ ሁሉ ቡዳ ነው አለ፤ እሳቸውም ከከተማው ወጣ ወዳለ ጸበል ወሰዷት። ብልቃጡ እቤት ቀረ። አራት ቀን ያለ መርፌ ቆየች።

ታካሚዋ ዝም ብላ ከሰማች በኋላ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «ሲስተር፣ እኔስ መርፌው መስሎኛል። የሚመጣብኝ በጾሙ፣ ከወጋሁ በኋላ ቀትር ላይ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ከያዘኝ ወዲያ የጠዋቱን ከ28 ወደ 14 ቀነስኩት። ከዚያ አልመጣብኝም። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም፤ ሐኪም ያዘዘውን ቀነሰች እንዳይባል።»

ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ደብተራቸው ላይ አጎንብሰው ጻፉ። ማታ ጤና ጣቢያው ውስጥ ተሰብስበን ያገኙትን ሲያቀርቡ አንደኛው የነርሲንግ ምርመራውን «የእውቀት ማነስ፤ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ በመቀነስ የተገለጠ» ብሎ አቀረበ። ይህ ሐረግ በየተማሪው ዘገባ ውስጥ አለ፤ ለመጻፍ ቀላል ነው፣ ዕቅዱም ወዲያው ይመጣል፦ «ትምህርት መስጠት»። እንዲሰርዘው ጠየቅሁት። በዚህ ታሪክ ውስጥ የመድኃኒቱን መጠን በትክክለኛው አቅጣጫ የለወጠ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ታካሚዋ ናት። ምልክቱን ከሰዓቱ ጋር አያይዛ ምክንያቱን ለይታለች፣ ለውጣ ሞክራለች፣ ውጤቱን አይታለች። እውቀት የጎደለው በእኛ በኩል ነው፤ ቤቷ ውስጥ ምን እንደሚሆን የምናውቀው አልነበረም።

ሰዓቱን ብቻ ብናሰላ ነገሩ ግልጽ ነው። ኤንፒኤች ከተወጋ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል፤ የሚበረታው ከአራተኛው ሰዓት በኋላ ሲሆን ብርታቱ እስከ አሥር አሥራ ሁለት ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። እሷ የምትወጋው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ከቀኑ 5 ሰዓት ጀምሮ ጉልበቱን ያገኛል። በሌላው ጊዜ ጠዋት ቁርሷን ስለምትበላ ይጣጣማል። በሑዳዴ ግን የምትቀምሰው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ያለፈውን ምሽት 2 ሰዓት ላይ የበላች ሴት ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ምጣድ ላይ ቆማ፣ ረፋዱን ሸክም ተሸክማ፣ ቀትር ላይ ስኳሯ ባይወርድ ነው የሚገርመው። ስኳር ሲወርድ መጀመሪያ ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ይመጣል፤ አንጎል የሚበቃውን ሳያገኝ ሲቀር ደግሞ መቀባዠር፣ ቁጣ፣ እንግዳ ጠባይ። የምግብ ቤቱ በር ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ይህ ግን ግማሹን ብቻ ያስረዳል። ባለፉት ዓመታትም ሑዳዴን ጾማለች፤ ያኔ ለምን አልያዛትም? ጠዋት 20 ዩኒት ትወስድ ስለነበርና አልፎ አልፎ «ድክም ብሎኝ» የምትለው ድካም ብቻ ይሰማት ስለነበር ነው። ዘንድሮ መጠኑ ጨምሯል። የጨመረው ደግሞ ታኅሣሥና ጥር ላይ ስኳሯ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነው። ታዲያ ለምን ከፍ አለ? ካርዱ መልስ ሰጥቶበታል፤ አትወስድም ይላል።

የ13 ዓመት ልጇ የሒሳብ ደብተሯን ጀርባ አወጣችልን። እናቷ መርፌውን ስትቀዳ ዩኒቱን የምታነብላት እሷ ናት፤ በየቀኑ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ጭረት ታደርጋለች። ከኅዳር እስከ ጥር የጎደለ ጭረት ከሦስት አይበልጥም። እንግዲህ መርፌው እየተወጋ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ «ብልቃጡን የት ነው የምታስቀምጪው እትዬ?» ስትላት ታካሚዋ ወደ ማድ ቤቷ ይዛን ገባች። ከምጣዱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ጥቀርሻ የሸፈነው መደርደሪያ አለ። ልጆቹ እንዳይነኩት ከፍ ያለ ቦታ ብላ የመረጠችው እሱን ነው፤ ለልጆቹ ደኅንነት ጥሩ ምርጫ ነበር። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሲጠፋ በእንጨት ትጋግራለች፤ በሁለቱም ጊዜ እንፋሎቱና ሙቀቱ በቀጥታ ወደዚያ ይወጣል። የሁለት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ ስለሚሰጣት ያልተከፈተው ብልቃጥ ሳይቀር ለሳምንታት እዚያ ይቀመጣል።

ከቀድሞዎቹ አንዱ ብልቃጥ ጥቂት ተርፎበት ነበር። ጤነኛ ኤንፒኤች በመዳፍ መሃል ቀስ ተደርጎ ሲንከባለል እኩል ነጣ ያለ ይሆናል። ይኸኛው ብንንከባልለውም ነጩ ጓል ጓል ሆኖ ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሞቷል።

ሰንሰለቱ እንዲህ ተገጣጠመ። ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን ስኳሯን አልቀነሰላትም፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አትወስድም ተባለች፤ መጠኑ ጨመረ፤ መጠኑ ስለጨመረ ብልቃጡ ቶሎ አለቀና ከወትሮው ቀድማ አዲስ አመጣች፤ አዲሱን የከፈተችው በሑዳዴ መባቻ ነው። የሞተ መድኃኒት ታይቶ የተጨመረ መጠን በሕያው መድኃኒት፣ በባዶ ሆድ፣ በሥራ ላይ ተወጋ። ሦስቱም ባንድ ሳምንት ተገናኙ። እዚህ ውስጥ የትኛውም ሰው ቸልተኛ አልነበረም፤ መጠኑን የጨመረው ባለሙያም በፊቱ በነበረው ቁጥር ትክክል ነበር። ቁጥሩ የተሠራበትን ማድ ቤት ግን ከምርመራ ክፍል ወንበር ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም።

ስለ ጎንደር እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለጎንደር ቅርብ በሆነው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ባንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር፤ የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን አንድ ላይ መስክ ማሰማራቱ ዛሬም ቀጥሏል። በኋላም የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የደም ግፊት ክትትል ከሆስፒታሉ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ በሠለጠኑ ነርሶች እንዲካሄድ በዚሁ አካባቢ ብዙ ተሠርቷል፤ ለመድኃኒት ረጅም መንገድ በእግር ይመጣ የነበረው ሰው በቅርቡ አገኘ። ይህን የማነሳው ለሙገሳ አይደለም። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት ከተማ ውስጥ የቤት ጉብኝት «ጊዜ ሲተርፍ» የሚሠራ ሥራ እየሆነ መምጣቱ ስለሚከነክነኝ ነው። የቤት ለቤት የጤና አገልግሎት የሚሰጠው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመርም ነርሶች ተመድበውበታል፤ እንደ ስኳር ያለ ተላላፊ ያልሆነ በሽታ ቤት ውስጥ ይበላሻል፣ ቤት ውስጥም ይቃናል።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። መጠኑን ነርስ ብቻዋን አትለውጥም። ያገኘነውን ሁሉ ለጤና መኮንኑ አቀረብን፤ የልጅቷን ደብተር ገጽ በስልክ አንስተን አሳየነው። ጠዋት 16 ማታ 8 ዩኒት አድርጎ አዘዘ፤ በየሳምንቱ እየለካን ከፍ ዝቅ እንድናደርግ ተስማማን። ጭኗ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስትወጋ ቆይታ ስለጠጠረ ወደ ሆዷ ዙሪያ እንድትዞር አሳየናት። እግሯን ፈተሽን፤ ስሜቱ ደኅና ነው፣ ቁስል የለም። በምጣድ ዳር በባዶ እግር መቆሟን ግን እንድትተው ነገርናት፤ ጫማ አደረገች።

የማስቀመጫው ነገር ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ማሰሮ ገዛች። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስገብተን በመሃላቸው አሸዋ ሞላን፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጣዋለች፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍነዋለች። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፤ አየሩ በሚደርቅበት በበጋ ደግሞ ይበልጥ ይሠራል፤ በጎንደር ሙቀቱ የሚበረታውም በዚሁ በሑዳዴ ወራት ነው። ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ውስጥ ተቀመጠ፤ ማሰሮው ከማድ ቤቱ ወጥቶ በመኝታው ክፍል ጥግ፣ ፀሐይ በማይነካው በኩል ሆነ። ልጅቷ የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ጽፋ ትለጥፍበታለች፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ይጣላል። ሁለተኛው ወር መድኃኒት በጤና ጣቢያው ፍሪጅ እንዲቆይላት ፋርማሲው ተስማማ።

ጾሙ ከዚህ ሁሉ ከበደ። ተማሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ይዘውት የመጡት ፖስተር «ምግብዎን በሰዓቱ ይመገቡ» ይላል፤ ሥዕሉ ላይ ፖምና ብሮኮሊ አለ። (ይህን ፖስተር ማን እንደሣለው አላውቅም፤ አራዳ ገበያ ግን አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም።) ታካሚዋን «አትጹሚ» ማለት የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ብንልም አትሰማንም፣ መደበቅ ብቻ ትጀምራለች። እናቷ ደግሞ በግልጽ ተናገሩ፦ «በልጅነቷ እንኳ ጾም ገድፋ አታውቅም። ዛሬ በጠዋት ስትበላ ጎረቤት ቢያያት ምን ይለኛል? ሕመሙስ መንፈስ ቢሆን፣ ጾም አስፈትቼ ላባብስባት ነው?»

ጸበሉን አልተቃወምንም። በኤችአይቪ ዘመን ስንቱ ታካሚ በጸበልና በመድኃኒት መካከል እንዲመርጥ ተገዶ እንደተጎዳ የዚህ አገር የጤና ባለሙያ ያስታውሳል፤ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። የነፍስ አባቷን ማነጋገር እንደምንፈልግ ስንነግራት ፊቷ ፈታ አለ። አባ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ፤ ቡና ተፈልቶ ነበር። ነገሩን በሰዓት አስረዳኋቸው፤ መርፌው መቼ እንደሚበረታ፣ ባዶ ሆድ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ካልተወጋች ምን እንደምትሆን። ካደመጡ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «መርፌውን ወደ ማታ ብታዞረውስ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደ እሷ ከመጀመሪያው በኢንሱሊን ለምትታከም ሰው የጠዋቱን ጨርሶ መተው እንደማይቻል አስረዳኋቸው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በሰዓት አታስጨንቅም። ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤ ትጾሚያለሽ። ጠዋት ጸሎትሽን አድርሰሽ ትበያለሽ። ይህ የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ» አሏት። ለእናትዬዋም ያንኑ ደገሙላቸው። እናትዬዋ መልስ አልሰጡም፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ሽሮውን ቀድመው የሠሩላት እሳቸው ናቸው።

በዚያው ቡና ላይ ጎረቤቶች ስለነበሩ ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ አሳየን። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻላት ይደገማል፤ ሲሻላት የሚቆይ ምግብ ትበላለች። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ በጎኗ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው። አንዲት ጎረቤት «ስኳር ላለባት ሴት ስኳር ልንሰጣት?» ብላ ሳቀች። ይህ ጥያቄ በየሄድንበት ቤት ይመጣል፤ መልሱን ያስረዳችው ታካሚዋ ራሷ ነች፤ ምግብ ቤቱ በር ላይ የሆነውን እየነገረች። ከእኛ ይልቅ እሷ ስትናገር ሰሟት። የምግብ ቤቱ ባለቤትም በኋላ ሄዳ ባስረዳችው ጊዜ ቂሙን ትቶ በረፋዱ ስትመጣ ሻይ በዳቦ ያስቀምጥላት ጀመር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ የጠዋት ስኳሯ ከ140 እስከ 175 ባለው ውስጥ ሆነ፤ የጠዋቱ መጠን ወደ 18 ከፍ አለ። መውረዱ አልተመለሰም፤ እስከ ስቅለት። በስቅለት ቀን ልትሰግድ እንደምትሄድ ቀድማ ነገረችን፤ አትሂጂ ብንላትም ትሄድ ነበር። ስግደት ብርቱ የአካል ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል። ከጤና መኮንኑ ጋር ተማክረን የዚያን ቀን ጠዋት መጠኑ ወደ 12 ዝቅ አለ፤ አባ ጠዋት ቀምሳ እንድትመጣ ፈቀዱላት፤ ስኳር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ ልጇ ከጎኗ ሆነች። ወደ 8 ሰዓት ግድም ላብ ሲያጠምቃት ልጅቷ ወደ ቅጥሩ ጥላ ይዛት ወጣች፤ በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። የቀረውን ቀን ቁጭ ብላ ጸለየች። ማንም ቡዳ አላለም።

ያልተፈቱ ነገሮች አሉ። ስኳር መለኪያ እቤቷ የለም፤ ማሽኑ ቢገኝ እንኳ ስትሪፑን (ደሙ የሚነካበትን የመለኪያ ቁራጭ) በየወሩ መግዛት አትችልም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዷ ኢንሱሊኑን እንጂ ይህን አልሸፈነላትም። ሌሊት ስለምትሠራ የማታው መርፌ ስኳሯን እንዳያወርደው ያሰጋል፤ ከመጋገሯ በፊት ጥቂት እንድትቀምስ ተስማምተናል፣ ሁልጊዜ ግን አታደርገውም። ጤና ጣቢያው በስኳር ክትትል ካርድ ጀርባ ሦስት ጥያቄ በእጅ እንድንጽፍ ፈቅዷል፤ ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ፣ የመጀመሪያው ምግብ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሥራው ምን እንደሆነ። መጠን ከመጨመሩ በፊት እንዲነበብ ነው። ሥራ ሲበዛ ባዶ የሚቀር ካርድ አሁንም አለ።

ለፍልሰታ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቀጠሮ ይዛለች። በክረምት ማሰሮው እንደ በጋው ባያቀዘቅዝም አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አያሳስብም። በመጨረሻው ጉብኝታችን እናትዬዋ እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ የእኔንም ልኩት» አሉ። ስኳራቸው 104 ነበር። የደም ግፊታቸው ግን 172 በ98 ሆነ፤ በሌላ ቀን ተለክቶም ስላልወረደ በስማቸው ካርድ ተከፈተ።